ካንዴላው ከመጣሉ በፊት፦ የማቀጣጠያ ሥርዓት ምርመራ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በአዳማ ከተማ ቤንዚን የምትጠቀም አነስተኛ መኪና ሞተሯ እየተንቀጠቀጠ ወደ አንድ ጋራዥ ብትገባ ቀጥሎ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ካንዴላዎቹ ተፈትተው በዘይት የራሰ ጨርቅና ያለቀ የዘይት ማጣሪያ ወዳለበት ጣሳ ይጣላሉ፤ ረዳቱ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይላካል፤ አራት አዳዲስ ካንዴላዎች ይገጠማሉ። ሞተሩ ከተስተካከለ ሒሳብ ተከፍሎ መኪናዋ ትወጣለች። ካልተስተካከለ ኮይሉ ይቀየራል፤ እሱም ካልሆነ ኢንጄክተሩ ይጠረጠራል፤ ከዚያ የቤንዚን ፓምፑ። ባለመኪናው በየደረጃው አንድ ዕቃ ይገዛል፤ በመጨረሻ ጥፋቱ ሲገኝ ቀድመው የተገዙት ዕቃዎች ዋጋ አይመለስም። በመቂ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ ሒደቱ ብዙ አይለይም።

በዚህ ሒደት ውስጥ ትልቁ ኪሳራ የአላስፈላጊ ዕቃ ዋጋ አይደለም። ትልቁ ኪሳራ ወደ ጣሳው የተጣሉት አራት ካንዴላዎች ናቸው፤ ሞተሩ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ያዩ ምስክሮች ቃላቸውን ሳይሰጡ ተሰናብተዋልና። የማቀጣጠያ ሥርዓት ምርመራ ሲባል ዕቃ መቀየር ማለት እየሆነ መጥቷል። ለዚህ ተጠያቂው ግን የመካኒኩ ስንፍና ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ከፊሉ በአከፋፈል ልማዱ፣ ከፊሉ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ደጃፍ።

ካንዴላ ምን ይናገራል? በትክክል ሲሠራ የቆየ ካንዴላ ጫፉ ላይ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም ይይዛል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ወይም ብልጭታው ደክሟል፣ ወይም ካንዴላው ለሞተሩ ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ ነው። እርጥብና ቅባት ያለው ጥቁር ከሆነ ዘይት በፒስተን ቀለበት ወይም በቫልቭ በኩል እየገባ ነው፤ ይህን ካንዴላ በመቀየር ማዳን አይቻልም። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተጉረበረበ ከሆነ ሙቀት በዝቶበታል፤ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ብልጭታው ያለጊዜው እየቀደመ ነው። ከሁሉ በላይ ጠቃሚው ንባብ ግን ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። አራቱም ካንዴላዎች አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆኑ ጥፋቱ ሁሉም ሲሊንደሮች በሚጋሩት ነገር ላይ ነው፤ ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር ዙሪያ ይገኛል። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ካንዴላዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል መደርደር ይበቃል። አራቱ ተቀላቅለው ጣሳ ውስጥ በገቡበት ቅጽበት ግን ይህ ዕውቀት ጠፍቷል።

ቀለሙ የሚመጣው ከሙቀት ነው። የካንዴላው ጫፍ ጥላሸቱን ራሱ አቃጥሎ እንዲያጸዳ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ አለበት፤ ከ800 ዲግሪ በእጅጉ ካለፈ ደግሞ ብልጭታ ሳይጠብቅ ድብልቁን ማቀጣጠል ይጀምራል። በዚህ መሐል ያለው ርቀት ሰፊ ቢመስልም የአዳማ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም ጫፎች ትነካለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ በከተማው ውስጥ አጭር መንገድ እየሄደች፣ ለተሳፋሪ እየቆመች፣ ለነዳጅ እየተሰለፈች ትውላለች፤ ጫፉ አይሞቅም። ቅዳሜ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተውና በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ትወጣለች። የካንዴላው የሙቀት ደረጃ ምርጫ ለሁለቱም መስማማት አለበት።

እዚህ ላይ በመለዋወጫ ሱቆች ዘንድ ብዙም የማይነሳ ወጥመድ አለ። በኤንጂኬና በዴንሶ ካንዴላዎች ላይ የሙቀት ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽና በሻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሙቅ ይሆናል። የጃፓኑ ካንዴላ ጠፍቶ በአውሮፓዊው ሲተካ ጥርሱ ገብቶ ቁመቱ እስከተስማማ ድረስ ሻጩም ገዢውም ረክተው ይለያያሉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ካንዴላ ሲጠቁር ወይም ሲነጣ ጥፋቱ በሞተሩ ላይ ይፈረዳል።

የስምጥ ሸለቆው ከተሞች አቀማመጥ ለዚህ ንባብ የራሱን አበርክቶ አለው። የሞተር አምራቾች መመሪያ በአብዛኛው የሚነሳው ከባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 81 በመቶ ያህል ነው። በአዲስ አበባ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል፤ በመተሐራ ደግሞ ወደ 89 በመቶ ይወጣል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ መቀነስ ስለማይችል በባሕር ወለል ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር በአዳማ 10 በመቶ ገደማ የበዛ ቤንዚን ይሰጣል። ስለዚህ በአዳማ የጠቆረ ካንዴላ ሁሉ የታመመ የማቀጣጠያ ሥርዓት ምልክት አይደለም። ካርቡሬተሩ ለከፍታው አልተስተካከለ ይሆናል። በደረቁ ወቅት ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ደቃቅ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ የታፈነ ካርቡሬተር ድብልቁን ይበልጥ ያወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ማጣሪያው ሳይታይ ካንዴላው ከተቀየረ አዲሱም በወሩ ይጠቁራል። ከአሮጌዎቹ አንዱ በጥንቃቄ ቢታይ ኖሮ፣ ማጣሪያውም ተነስቶ ወደ ብርሃን ቢያዝ፣ ወጪው አንድ ማጣሪያ ብቻ በሆነ ነበር።

በጆሮ ታይሚንግ ስለማስተካከልም እንዲሁ ፍትሐዊ መሆን ያሻል። የቴክኒክ ትምህርት ይህን ልማድ ሲነቅፍ ኖሯል፤ መመሪያው የሚያዘው በስትሮቦስኮፕ መብራት ነውና። ሆኖም በቮልስዋገን፣ በላዳና በዲኤክስ ኮሮላ ዘመን የሠሩ አንጋፋ መካኒኮች ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ሞተሩ ደስ የሚልበትን ቦታ ሲፈልጉ ያደረጉት ነገር ፊዚክሱን አይቃረንም። በሳሳ አየር ውስጥ ድብልቁ በዝግታ ይቃጠላል፤ የኖክ ሥጋትም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብልጭታው በመመሪያው ካለው ጥቂት ቀደም ቢል ሞተሩ ይጠቀማል። ጆሯቸው ሳይሰላ ያሰላው ከፍታውን ነበር። ችግሩ የሚመጣው ያቺ መኪና በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ ስትወርድ ነው። ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ፣ ጥቅጥቅ ያለና ሞቃት አየር እየሳበች፣ በአዳማ የተወደደው ቅድሚያ በመተሐራ ኖክ ይሆናል። መካኒኩ መኪናዋ የት እንደምትውል ቢጠይቅ ኖሮ ሌላ ቦታ ላይ ያቆመው ነበር። ይህ ጥያቄም እንደ ካንዴላው ንባብ ያለ ዋጋ የሚጠየቅ፣ ስለዚህም ሳይጠየቅ የሚቀር ነው።

በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች፣ ከተማውን የሞሉትን እነ ቪትዝንና ያሪስን ጨምሮ፣ የአየር ግፊቱን ወይም መጠኑን እየለኩ ታይሚንጉን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ የከፍታው ጉዳይ በእነሱ ላይ ያን ያህል አይመለከትም። በእነሱ ላይ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ላይ የራሱ ኮይል አለ፤ የጥንቱ መካኒክ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ እየነቀለ ደካማውን ሲሊንደር የሚያገኝበት ዘዴ እዚህ ኮይሉን ሊያቃጥል፣ የኮምፒዩተሩንም ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ኤሌክትሪኩም ቀላል አይደለም፤ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ቮልት ይደርሳል። ካንዴላውን አውጥቶ በሞተሩ አካል ላይ አስደግፎ ብልጭታ ማየትም የሚያሳስት ፈተና ነው። በክፍት አየር ያንን ክፍተት ለመዝለል ጥቂት ኪሎ ቮልት ይበቃል፤ በታመቀ ድብልቅ ውስጥ ግን ከ10 ኪሎ ቮልት በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። በውጭ ደምቆ የታየ ብልጭታ በውስጥ ሊጠፋ እንደሚችል ለብዙ ረዳቶች የነገራቸው የለም።

ርካሽ የኮድ ማንበቢያዎች በየጋራዡ መግባታቸው መልካም ነው፤ ግን እነሱም የዕቃ መቀየሪያ ምክንያት እየሆኑ ነው። ፒ 0301 የሚለው ኮድ አንደኛው ሲሊንደር ሚስ እያደረገ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ ስለምን እንደሆነ አይናገርም። የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አለዋውጦ ኮዱን ማጥፋትና ጥቂት መንገድ መንዳት ይቻላል። ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ካልተዛወረ ካንዴላው በተመሳሳይ መንገድ ይለዋወጣል። አሁንም ካልተዛወረ ወደ ኢንጄክተሩና ወደ ኮምፕሬሽኑ መሄድ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ብር ዕቃ አልተገዛም፤ የወጣው የመካኒኩ ግማሽ ሰዓት ነው። ካንዴላ በብረት ብሩሽ መፈግፈግም በዚሁ ሊነሳ ይገባል፤ በድሮው ወፍራም ኒኬል ጫፍ ላይ ያለ ጉዳት የሚያልፈው ልማድ የኢሪዲየም ካንዴላን ቀጭን ጫፍ ያበላሻል፤ ብዙ ዕድሜ እንዲሰጥ የተገዛ ውድ ዕቃ በደቂቃ ውስጥ ይሞታል።

ስለ ባጃጅ ብዙ ማለት ባያስፈልግም ዝም ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ የአዳማ የእግር መንገድና ሳንባ ከባጃጅ ጋር የተሳሰረ ነውና። ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ሚስ ሲያደርግ ያልተቃጠለው ቤንዚን በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ የሾፌሩ የዕለት ገቢም አብሮት። ለአንድ ሲሊንደር ከአንድ በላይ ካንዴላ ያላቸው ሞዴሎች ደግሞ የባሰ ያታልላሉ፤ አንዱ ካንዴላ ሲሞት ሞተሩ በሌላው መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሾፌሩ የሚያውቀው ነዳጅ በላ ብሎ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ መካኒክ ቢኖር፣ አሉም፣ ለምን አያደርገውም? ደረሰኙን መመልከት ይበቃል። በጋራዥ ሒሳብ ላይ የዕቃ ዋጋ አለ፤ የእጅ ዋጋ አለ፤ የእጅ ዋጋውም የሚሰላው በተፈታና በተገጠመ ዕቃ ነው። ለመመርመር የተዘጋጀ መስመር የለም። ግማሽ ሰዓት ኮይል ሲያለዋውጥ ቆይቶ «ያንተ ችግር የሶኬት ዝገት ነው» ብሎ የጠረገ መካኒክ ስለምን ገንዘብ እንደሚጠይቅ ግራ ይገባዋል፤ ደንበኛውም «ምን ቀየርክና ነው?» ይለዋል። አራት ካንዴላ የቀየረው ግን ያለ ክርክር ይከፈለዋል። ያው ደንበኛ ክሊኒክ ሲሄድ ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት ለካርድ ይከፍላል፤ መድኃኒት ሳይታዘዝለት ቢወጣም ካርዱን መልሱልኝ አይልም። ለጋራዥ የካርድ ክፍያ አለመኖሩ የመመርመር ዕውቀትን ደመወዝ አልባ አድርጎታል። ደመወዝ የሌለውን ዕውቀት ደግሞ ረዳቱ ከጌታው የሚወርስበት ምክንያት የለውም። የጋራዥ ባለቤቶች በየከተማው ተነጋግረው አነስተኛ የምርመራ ክፍያ ቢያስለምዱ፣ ክፍያውም ምርመራው ባስገኘው የጽሑፍ ውጤት ላይ ቢመሠረት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ይለወጣል። ደንበኛው መጀመሪያ ያጉረመርማል። ነገር ግን በአንድ ካርድ ሦስት ዕቃ ያዳነ ሰው ለጎረቤቱ መንገሩ አይቀርም።

መንግሥታዊው ምርመራ ይህን ክፍተት ይሞላል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ፣ በሕዝቡ አነጋገር ቦሎ፣ ዓላማው መኪናዋ ለመንገድ ብቁ መሆኗን ማረጋገጥ ነው፤ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት ቅድሚያ ማግኘታቸውም ተገቢ ነው። ማለፍ ወይም መውደቅ እንጂ የበሽታው ስም አይጻፍም።

የዩኒቨርሲቲው ድርሻ የሚመጣው እዚህ ነው። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ተብሎ ሲመሠረት ጀምሮ አውቶሞቲቭ ከመሠረታዊ ትምህርቶቹ አንዱ ነበር፤ የሙያ መምህራንንም አፍርቷል። ዛሬ በድኅረ ምረቃ ደረጃ በሞተር ዙሪያ የሚቀርቡ ርዕሶች በአብዛኛው ወደ አማራጭ ነዳጅና ወደ ኮምፒዩተር ሲሙሌሽን ያዘነብላሉ። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር በቀላቀለች አገር የነዳጅ ጥናት ተገቢ ነው። ሆኖም በላቦራቶሪ አግዳሚ ላይ የተተከለ ንጹሕ ሞተር አቧራ አይስብም፣ ተመሳስሎ የተሠራ ካንዴላ አይገጠምለትም፣ መተሐራም አይወርድም። የኢታኖል ውጤት እንኳ በከተማው መኪኖች ላይ በትክክል ሊታወቅ የሚችለው እነዚህ መኪኖች አሁን በምን ሁኔታ እንደሚቀጣጠሉ ሲታወቅ ነው። ኢታኖል ድብልቁን ያሳሳል፤ ከፍታው ያወፍራል። ሁለቱ በአዳማ ላይ የት ይገናኛሉ? መልሱ የሚገኘው በጋራዦቹ ጣሳ ውስጥ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ስለመጣ ካንዴላ ማጥናት ወደኋላ መመለስ ነው የሚል ክርክር ከተማሪዎች ዘንድ ይሰማል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን ወደ ተቃራኒው መደምደሚያ የሚያደርስ ይመስላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ውሳኔው አዲስ የቤንዚን መኪና መግቢያውን ዘጋ እንጂ ቀድሞ የገባውን ከመንገድ አላወጣም። አሁን በአዳማ ጎዳና ላይ ያለች ቪትዝ ተተኪ ስለሌላት ለብዙ ዓመታት ትነዳለች፤ በየዓመቱም ታረጃለች። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ስለመጣ ሚስ የሚያደርግ ሞተር የሚያባክነው ቤንዚን ከበፊቱ ይልቅ ኪስን ይጎዳል። ካንዴላ ሊጠና የሚገባው ጊዜ ካለ ይህ ነው።

የካንዴላ ንባብ ያረጀ ጥበብ ነው የሚለው ሌላው ተቃውሞ ከፊል እውነት አለው። በኢንጄክሽን ሞተር ላይ ጤናማ ካንዴላ እንደ ጥንቱ የጎላ ቀለም ላይዝ ይችላል፤ በተጨማሪም ሞተሩ ጋራዥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ከሠራ በኋላ የወጣ ካንዴላ የመቆሙን ጥላሸት እንጂ የመንገዱን ታሪክ አያሳይም። መፍትሔው ግን ንባቡን መተው ሳይሆን ሥርዓት መስጠት ነው፤ መኪናዋ ተነድታ እንደገባች፣ ሞተሩ ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ማውጣት፣ ከንባቡ ጋርም መለካት። ክፍተቱ በፊለር ጌጅ ይለካል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ከሚሆነው ልክ ምን ያህል እንደሰፋ ይጻፋል። ሬዚስተር ያለው ካንዴላ በተራ ቴስተር ሲለካ በአብዛኛው 5 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል፤ ዜሮ ወይም ስፍር ቁጥር የሌለው ካሳየ ካንዴላው ሞቷል ወይም በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስም የእሱ አይደለም።

ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚያስፈልገው እንግዲህ ብዙ አይደለም። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በመተሐራ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ጋራዦች፤ በእያንዳንዳቸው ዘንድ አራት ጉድጓድ የተበሳበት አንድ የእንጨት ጣውላ፣ ካንዴላው በወጣበት ሲሊንደር ቁጥር እንዲቆም፤ ከጣውላው ጋር የሚታሰር ወረቀት፣ የመኪናው ዓይነት፣ የሄደችው ኪሎ ሜትር፣ በብዛት የምትውልበት መንገድ፣ የአየር ማጣሪያው ሁኔታና መካኒኩ የጠረጠረው ጥፋት የሚጻፍበት። ባለመኪናው ስምም ሰሌዳም አያስፈልግም። መሰብሰቡ በኅዳር ተጀምሮ እስከ ነሐሴ ቢዘልቅ ደረቁንም ክረምቱንም ስለሚይዝ የአቧራው ድርሻ ከከፍታው ድርሻ ሊለይ ይችላል። መካኒኩ ለሞላው ወረቀት እንዲከፈለው ግን ከጥናቱ በጀት ላይ መጀመሪያውኑ መመደብ አለበት።